መንግሥት ስንል ምን ማለታችን ነው?
(ፖለቲካል ሳይንስ ለመማር ላሰቡ ጓደኞቻችን)

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ጊዜ በደረሰ ቍጥር አንድ ጥያቄ ሳይቀርብልን አያልፍም፤ ይኸውም «ፖለቲካል ሳይንስ ተምራችሁ ምን ልትሆኑ ነው?» የሚል ነው። ከጠያቂዎቹ እኩሌቶቹ ሹመት ፈላጊዎች አድርገው ይገምቱናል። እኩሌቶቹ፥ ይልቁንም ወላጆቻችን፥ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እያሉ ይሠጉልናል። ትምህርቱ ማንንም ሹም እንደማያደርግ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ሥጋቱን ግን በቀላሉ አናልፈውም፤ በዚህች አገር ከደረሰው መከራ የመጣ እንጂ ከድንቍርና የመጣ አይደለምና። ስለዚህ በክፍላችን ምን እንደምንማር አንድ ቃል ብቻ ወስደን ለማሳየት አስበናል። ቃሉም «መንግሥት» ነው።

መንግሥት «ነገሠ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው። በጥንቱ አነጋገር ንግሡን፥ ንጉሡ የሚገዛውን አገርና የአገዛዙን ሥርዓት ባንድነት ይይዝ ነበር፤ በአባታችን ሆይ ጸሎት የምናገኘውም ይኸው ነው። ዛሬ መምህሮቻችን ስቴትና ገቨርንመንት ብለው ለይተው የሚያስተምሩንን ሁለት ነገር፥ እኛ ከክፍል ወጥተን በአማርኛ ስንነጋገር በዚሁ ባንድ ቃል እንጠራዋለን። ስቴት ወሰን፥ ሕዝብና ሕግ ያለው ቋሚ ድርጅት ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ማክስ ቬበር በ1911 ዓ. ም. ባሰማው ንግግር፥ በተወሰነ ግዛት ውስጥ በኃይል የመጠቀም መብት የራሱ ብቻ መሆኑን ያስቀበለ ማኅበር መሆኑን ገልጿል። ገቨርንመንት ግን ይህን ድርጅት ለጊዜው ይዘው የሚያስተዳድሩት ሰዎች ናቸው። ቤቱ ሌላ፥ ተከራዩ ሌላ እንደ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ በኛ አገር ተከራዩ ቤቱን እንደ አባቱ ርስት የቈጠረበት ጊዜ ብዙ ቢሆን።

ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ እንዳይመስል የፍትሐ ብሔርን ሕግ እንመልከት። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ የታወጀው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፥ በ1952 ዓ. ም. ነበር። በ1967 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት መሬት የሕዝብ ሆነ። በ1983 ዓ. ም. ደግሞ የኮሎኔል መንግሥቱ አገዛዝ ወደቀ። ስለ ቤተ ሰብ የሚናገረውን ክፍል በ1992 ዓ. ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተ ሰብ ሕግ ተካው። ስለ ውል የሚናገረው ክፍል ግን ዛሬም ይሠራበታል፤ ከሳሽም ተከሳሽም ቍጥሩን እየጠቀሱ ይሟገቱበታል። ያወጁት ሰዎች ሄደዋል፤ ሕጉ ቆሟል።

ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ የሚመጣውን ጉዳት ሁላችንም እናየዋለን። ሚኒስትሩን የነቀፈ መንግሥትን ነቀፈ ይባላል፤ መንግሥትን የነቀፈ ደግሞ አገሩን እንደ ካደ ይቈጠራል። ተቃዋሚውም ከዚሁ ስሕተት አልዳነም፤ በሹሙ የተቈጣ ሰው የትምህርት ቤቱን መስኮት በድንጋይ ሲሰብር «የመንግሥት ነው» ይላል፤ በማግሥቱ ብርድ የሚመታው የራሱ ልጅ ነው። በቅርብ ዓመታት ለስቴት «ሀገረ መንግሥት» የሚል ስም ወጥቷል። እኛ ሙከራውን እንወደዋለን፤ ነገር ግን ከስብሰባ አዳራሽ አልፎ ገበያ አልወረደም።

ከዚህ ቀጥሎ የምንለማመደው ሕገ መንግሥቶችን ጎን ለጎን ማንበብ ነው። የ1923ቱን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የጃፓንን የ1881 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት ምሳሌ አድርገዋል። (እኒሁ ሰው «የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን የቴያትር ድርሰት የጻፉት መሆናቸውን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ያስታውሱናል።) የ1948ቱ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ አባሎችን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የበላይ ሥልጣኑን ግን ከንጉሠ ነገሥቱ አላነሣም። የ1979ኙ ሥልጣኑ የሠራተኛው ሕዝብ ነው አለ። የ1987ቱ በ8ኛው አንቀጽ ለብሔሮች፥ ለብሔረሰቦችና ለሕዝቦች ሰጠው። ተማሪው በዚህ ቢያቆም የተማረው ንባብ ብቻ ይሆናል። ባለቤት የተባለው ወገን ሹሙን ለማውረድ የትኛው በር ተከፍቶለታል? በ1948ቱ ዘመን ሕዝቡ እንደራሴውን ሲመርጥ አንድም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ በ1979ኙ ደግሞ አንድ ፓርቲ ብቻ ነበረ። የ1987ቱ ፓርቲዎችን ፈቀደ፤ ሆኖም በ2007 ዓ. ም. ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱን መቀመጫዎች በሙሉ ያዙ። በሩ በወረቀት ላይ መከፈቱና ሰው የሚያልፍበት መሆኑ ሁለት ጥያቄ ነው፤ የፈተና ወረቀታችንም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀን ሁለተኛውን ነው።

ስለ 8ኛው አንቀጽ የሚነሣው ክርክር በመኝታ ቤታችን እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። አንዳንድ ጊዜም ጓደኛሞች ተኰራርፈው ይተኛሉ። እንደ ታዘብነው ከሆነ ድምፅ የሚጨምረው አንዱ ቤቱን፥ ሌላው ተከራዩን ይዞ ሲሟገት ነው። ስለዚህ በኛ ክፍል ክርክር የሚጀምር ሰው አስቀድሞ «የቱን መንግሥት ማለትህ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ካልመለሰ ቃል አይሰጠውም።