ስለማያም የቆዳ ዕባጭና ስለ ሊምፍ ዕጢዎች

እሾኽ እግሩን የወጋው ሰው ጥቂት ቀን ቈይቶ በብሽሽቱ ንፍፊት ሲወጣበት ያላየ አንባቢ አይገኝም። ቍስሉ ከእግር ሳለ እብጠቱ በብሽሽት የሚወጣበት ምክንያት ይህ ነው፤ ከቆዳ ሥር ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ በረቂቅ ቧንቧዎች ይፈስሳል፤ በብሽሽት፣ በብብትና በአንገት ያሉት ዕጢዎችም ያጣሩታል። ከቍስሉ የመጣውን ተሕዋስ ሲታገሉ ያብጣሉ። የሜርክል ካንሰር የተባለውም ብርቅ የቆዳ በሽታ ከተነሣበት ቦታ ወጥቶ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው።

ጀርመናዊው የአካል ሊቅ ፍሪድሪክ ሜርክል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1875 ለመዳሰስ የሚያገለግሉ ጥቃቅን የቆዳ ሕዋሳትን ገለጠ። እነዚህ ሕዋሳት የነርቭም፣ ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢም ጠባይ አላቸው። በ1972 ሲሪል ቶከር የተባለ ሐኪም ይህን ካንሰር ጽፎ አስታወቀ፤ ሕዋሳቱ እነዚያን ስለ መሰሉም በኋላ በሜርክል ስም ተጠራ። ከእነርሱ መወለዱ ግን ዛሬም ያከራክራል። በ2008 በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዕባጩ ውስጥ አንድ ቫይረስ አገኙ። ይህ ቫይረስ በብዙ ጤነኞች ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት ይኖራል፤ ካንሰር የሚያስከትለው እጅግ በጥቂቶች ነው። የፀሐይ ጨረርም ሌላው መነሻ ነው።

ሰውን የሚያዘናጋው አለማመሙ ነው። ዕባጩ ጠንከር ያለ፣ ቀላ ያለ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሆኖ፣ በተለይ በፊት፣ በአንገትና በክንድ ይወጣል። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ፈጥኖ ማደጉን መመልከት ይበልጣል። በብዛት የሚይዘው ነጭ ቆዳ ያላቸውንና ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን፣ እንዲሁም በኤች አይ ቪ ወይም በሌላ ምክንያት የሰውነታቸው መከላከያ የደከመባቸውን ነው። ብጉር ነው ተብሎ ሲተው ወራት ያልፋሉ።

በዚያም ጊዜ ካንሰሩ ዕጢ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ዕጢያቸው በእጅ ሲዳሰስ ደኅና ከመሰለው ሕሙማን መካከል ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ተገኝቶበታል። ስለዚህ ሐኪሞች ከዕባጩ አጠገብ ልዩ ቀለም ወይም ጨረር ሰጪ መድኃኒት ወግተው ፈሳሹ መጀመሪያ የሚደርስበትን ዕጢ ያገኛሉ፤ አውጥተውም በማይክሮስኮፕ ይመረምሩታል። ካንሰር ከተገኘበት የዚያ ቦታ ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ይታከማሉ። ርቆ ለተሰራጨውም የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃው አቬሉማብ በ2017 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ዕባጩን በምላጭ መብጣት ወይም በእሳት መተኰስ ሐኪሙ ሊመረምረው የሚገባውን ሥጋ ያበላሻል። ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ዕባጩን መቼ እንዳየውና በስንት ጊዜ ምን ያህል እንዳደገ ጽፎ ቢይዝ ለመርማሪው ትልቅ እርዳታ ነው፤ መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያንም መምህራን ይህን ሊጽፉላቸው ይችላሉ።