በአሮጌው የመኪና ቴፕ የስልክን ዜማ ስለ ማሰማት

ጥያቄ፦ መኪናዬ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ ቴፗም ካሴት ብቻ ይቀበላል። ሳልለውጠው የስልኬን ሙዚቃ ላሰማበት እችላለሁን?

መልስ፦ ይቻላል፣ ክቡር ጠያቂያችን። ማጫወቻው ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ፣ ከመንገዶቹ ሁሉ እኔ የማስቀድመው፣ መልኩ ካሴት የመሰለ፣ በሆዱ ግን በክር ፈንታ ትንሽ የማግኔት ራስ የያዘ፣ ሽቦውም በስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚሰካ መሣሪያ ነው፤ ይህ ራስ ከማጫወቻው ራስ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ድምፁን በማግኔት ኃይል ያስተላልፋልና፣ ማጫወቻው እውነተኛ ካሴት የሚያነብ ይመስለዋል። አስቀድመው ግን የማጫወቻውን ራስ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጥረጉ፤ በዘመናት የተከማቸ የክር ትቢያ ጽሩዩን ድምፅ ያደበዝዛልና። ካሴት በራሱ የሚገለብጥ ማጫወቻ ከሆነ ደግሞ፣ ጥርሶቹ የማይዞሩለትን መሣሪያ «ክሩ አልቋል» ብሎ መልሶ ሊተፋው ይችላል።

በሲጋራ መለኮሻው ተሰክቶ የስልኩን ድምፅ በኤፍ ኤም የሚያሰራጨው መሣሪያ ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ነገር ግን 97.1፣ 98.1፣ 102.1 እየተባለ አየሩ በተጨናነቀባት በአዲስ አበባ፣ ነጻ ሞገድ ፍለጋ ትዕግሥተ ኢዮብን ይጠይቃል።

ስልኩ ከመኪናው እየተሞላ ሲያጫውት፣ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ቢሰሙ፣ በካሴቱ አይፍረዱ፤ ቻርጀሩን ይንቀሉት። ሦስተኛው መንገድ፣ ቴፑን ፈትቶ የስልኩን ሽቦ በቀጥታ መበየድ፣ የባለሙያ እጅ ይሻል። ስልክዎ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው፣ በቻርጀሩ ቀዳዳ የሚሰካ መቀየሪያ አብረው ይግዙ።