ንግሥት እሌኒና መርጡለ ማርያም፤ ሃይማኖት፥ መንግሥትና ከባሕር ማዶ የመጣ ጥበብ

በጎጃም ደጋ የምትኖሩ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፤ ልጆችን ስለ ሩቅ አገር ነገሥታት ከማስተማር አስቀድሞ በደጃችን ያለውን ማስረዳት ይገባናል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ በእነብሴ ምድር፥ መርጡለ ማርያም የምትባል ደብር አለች። አበው መጀመሪያዋን ከአብርሃና ከአጽብሓ ዘመን ይቈጥራሉ። በቅጥሯ ውስጥ ጌጥ የተቀረጸበት የጥንት የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ ይገኛል። ይህ ስፍራ ለሚጠይቀው ሁለት ታሪክ ይነግረዋል፤ አንደኛው የንግሥት እሌኒ፥ ሁለተኛው የዐፄ ሱስንዮስ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

እሌኒ የሐድያ ገራድ የመሐመድ ልጅ ነበሩ። ሐድያ በዚያን ጊዜ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚገብር የእስላም አገር ነበረ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) አገቧቸውና በክርስትና ኖሩ፤ ቀኝ በዓልቲሐት የሚባለውንም ማዕርግ ተቀበሉ። በዚያ ዘመን የነገሥታት ጋብቻ የሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን የሁለት አገሮች ውል ነበረ። ዐፄ በእደ ማርያም በነገሡ ጊዜ ወላጅ እናታቸው ሞተው ነበርና እሌኒን እንደ እናት አከበሯቸው። በ1508 ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ ሲነግሡ፥ መንግሥቱን ከመኳንንቱ ጋር ሆነው የጠበቁት እሌኒ ነበሩ። በእስላም ቤት የተወለደች ሴት የክርስቲያን መንግሥት ሞግዚት ሆነች ማለት ነው።

በዚያው ዘመን የባሕሩ መንገድ ተለወጠ። በህንድ አገር ካሊኩት በምትባል ከተማ የነገሠው ንጉሥ የሂንዱ ሃይማኖት ተከታይ ነበረ፤ ነገር ግን የወደቡን ንግድ በብዛት የያዙት እስላሞች ነበሩ፥ እርሱም ይጠብቃቸው ነበር። ቅመሙ ከዚያ ተነሥቶ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ ያልፍ ነበር። በ1498 የፖርቱጋል መርከቦች ካሊኩት ደረሱ። ከእነርሱም አስቀድሞ ጴሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቱጋላዊ የህንድን ወደቦች አይቶ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ርስትና ሚስት ተሰጠው፤ ወደ አገሩ እንዲመለስ ግን አልተፈቀደለትም። ንግሥት እሌኒ በጎጃም ላሠሩት ቤተ ክርስቲያን የመንበሩን አሠራር እንዲያሳይ ይህን ሰው አዘዙት። መንበሩም በወርቅ እንደ ተሠራ ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከእርሱ ሰምቶ ጽፏል። ልብ በሉ፤ ባዕዱ እጁንና ጥበቡን ሰጠ፥ የቤቱ ሃይማኖት ግን እንደ ነበረ ጸና።

በ1509 እሌኒ ማቴዎስ የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላኩ። ከመስቀሉ ግማድ የተከፈለ ስጦታም አስያዙት። የደብዳቤው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ እኛ በባሕር ላይ ኃይል የለንም፥ እናንተ መርከብ አላችሁ፤ እኛ ስንቅና ሠራዊት እንሰጣለን፥ ልጆቻችንንም እናጋባ። ማቴዎስ በ1512 ጎዋ፥ በ1514 ሊዝቦን ደረሰ። በመንገድም ሰላይ ነህ ተብሎ በመርከበኞቹ እጅ ብዙ መከራ ተቀበለ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ ወረደና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞተ። ልብነ ድንግል ግን በ1517 የአዳሉን አሚር ማሕፉዝን ድል አድርገው ነበርና ረዳት የሚያስቸኩል ነገር አልታያቸውም። መልእክተኞቹ ስድስት ዓመት ተቀምጠው በ1526 ተመለሱ፤ እሌኒም እነርሱ በአገሩ ሳሉ ዐረፉ። ሕዝቡ እናትም አባትም እንደ ሞተበት ሆኖ አለቀሰ ይባላል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1529፥ በሽምብራ ኩሬ ንጉሡ በኢማም አሕመድ ድል ሆኑ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። እሌኒ የለመኑት ረድኤት፥ አራት መቶ ነፍጠኛ፥ የደረሰው በ1541 ነው። ደብዳቤው ከተጻፈ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር የተወዳጁት ኢየሱሳውያን መነኮሳት በመርጡለ ማርያም ላይ ባማረ የተጠረበ ድንጋይ ሕንፃ ሠሩ። ጥበባቸው መልካም ነበረ። ነገር ግን ንጉሡ በ1622 የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡም በግድ እንዲከተል ባዘዙ ጊዜ አገር ታወከ፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ፤ ብዙ ሺህ ሰውም አለቀ። በ1632 ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። ኢየሱሳውያኑም ከአገር ወጡ፤ ከእነርሱም ጋር ከባሕር ማዶ የሚመጣው ትምህርት ለብዙ ዘመን ራቀ።

እንግዲህ ከአንድ ስፍራ ሁለት ምክር እናገኛለን። ከውጭ የመጣ ጥበብ በፈቃድ ሲገባ ቤት ያስጌጣል፤ በሰይፍ ሲታዘዝ ግን የተሠራው ድንጋይ ሳይቀር የጠብ ምልክት ይሆናል። ደግሞም ወዳጅ የሚፈለገው በሰላም ቀን ነው፤ በድል ቀን የተናቀ ወዳጅ በመከራ ቀን ዘግይቶ ይደርሳል።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ፤ ፩ኛ፥ የካሊኩት ንጉሥና የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌላ ሃይማኖት ሰዎች ጋር የኖሩት በምን ይመሳሰላል፥ በምንስ ይለያል? ፪ኛ፥ ልብነ ድንግል በ1520 ምን ቢያደርጉ ይሻል ነበር? ፫ኛ፥ በሰፈራችሁ ባለው ደብር ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ ወይም ሥራ እንዳለ ሽማግሎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።