የሞተር ድልድልና የኋላ ክንድ

አህያ የሚጭን ሰው ድልድል ምን እንደሆነ ያውቃል። እህል በአህያ ጀርባ ላይ እንዲሁ አይጫንም። በመጀመሪያ ድልድሉ ይደረጋል፤ ጭነቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ድልድሉ ካለቀ ወይም ከቦታው ከሸሸ አህያዋ ትገጠባለች። የተገጠበች አህያ ደግሞ ጭነት ቢቀነስላትም መንገድ አትገፋም።

ሞተር ሳይክልና ባጃጅም ድልድል አላቸው። ድልድላቸው በብረትና በብረት መካከል የገባ ጎማ ነው። እዚህ ላይ ጎማ ስንል መንገድ የሚረግጠውን፣ ነፋስ የሚሞላውን ማለታችን አይደለም። ይኸኛው ትንሽ፣ ጥቁር፣ ጠንከር ያለ፣ ከውጭ ብዙም የማይታይ ነው። ሞተሩን የተሸከመውን በጋራዥ ሱፖርቶ ይሉታል። በኋላው ክንድ ማጠፊያ ውስጥ የተወተፈውን ቡሽ ይሉታል። ትምህርታችን ስለ እነዚህ ሁለቱ ነው።

ዛሬ በወልድያ፣ እንዲሁም በመርሳና በሌሎቹ የሀብሩ ወረዳ ከተሞች ባጃጅና ሞተር ሳይክል የዕለት መጓጓዣ ሆነዋል። ከውርጌሳ እስከ መርሳ፣ ከመርሳም በስሪንቃ በኩል እስከ ወልድያ ያለው ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ገጠሩ ቀበሌ ሲገቡ ግን ኮረኮንቹ ይጀምራል። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው፣ በወንዝ መሻገሪያው ላይ ድንጋዩ አለ። በዚህ መንገድ ማንጎና ሽንኩርት ወደ ገበያ ይወጣል፤ የታመመ ሰውና ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳሉ። ስለዚህ የአንዲት ቡሽ መድከም የባለ ሞተሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከኋላ የተቀመጠው ሰውም ነፍሱን አደራ የሰጠው ለነጂው ብቻ ሳይሆን ለዚያች ቡሽ ጭምር ነው።

ሞተር ለምን ይንቀጠቀጣል? በውስጡ ፒስተን የሚባል ብረት አለ። ቤንዚኑ በተቀጣጠለ ቁጥር ፒስተኑ ይገፋል፤ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ለማረጋገጥ 3,000ን ለ60 አካፍሉት። ይህ ሁሉ ምት መሄጃ ይፈልጋል። በብዙ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ ሞተሩ በቀጥታ በብሎን ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ በእነዚህ ላይ ጎማው የሚገኘው በኋላው ክንድ ማጠፊያ፣ በቤንዚን ታንከሩ ማረፊያና በመሳሰሉት ነው። ባጃጅ ግን ሞተሩን ራሱን በጎማ ላይ አስቀምጧል። ጎማው ምቱን ይውጠዋል። ጎማው ባይኖር ምቱ በሻንሲው አልፎ እስከ ተሳፋሪው አጥንት ይደርስ ነበር፤ ብሎኑ ይፈታ፣ ብየዳውም ይሰነጠቅ ነበር።

እንግዲህ ጎማው የሚያልቀው ብረቱ እንዳያልቅ ነው። ይህን መያዝ ያስፈልጋል። ጎማው ሲያልቅ ያልለወጠ ሰው በኋላ ብረቱን ይለውጣል፤ ብረት ደግሞ ውድ ነው።

አሁን ወደ ኋላው ክንድ እንሂድ። የኋላ ክንድ የምንለው የኋላውን ጎማ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ብረት ነው። አንዱ ጫፍ ጎማውን ይይዛል። ሌላው ጫፍ በወፍራም ዘንግ ከሻንሲው ጋር ተያይዟል። በር በማጠፊያው ላይ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ሁሉ ክንዱም በዘንጉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ አሞርዛተሩም ያለዝበዋል። ወደ ላይና ወደ ታች መሄዱ ደንብ ነው። ወደ ጎን ግን መላወስ የለበትም። ማጠፊያው የላላ በር መሬት ይፈጫል፤ ማጠፊያው የላላ ሞተር ሳይክል ግን ሰው ይጥላል።

እንዴት ቢሉ፣ የፊተኛው ጎማ አንድ መስመር ይዞ ሲሄድ የኋለኛው የራሱን መስመር ይፈልጋል። በሜዳ ላይ በዝግታ ሲሄዱ አይታወቅም። ከድልብ ወደ ወልድያ ሲወረድ፣ ከኋላ ሰው ተጭኖ፣ ጠምዛዛው ላይ ፍሬን ሲያዝ ግን ጭራው ይዋልላል። ነጂውም አንዴ ነፋሱ ነው ይላል፤ አንዴ አስፋልቱ ነው ይላል። የጎማ ነፋስ ማነስም እንዲህ ስለሚያደርግ መጀመሪያ ነፋሱን መለካት ደግ ነው። ነፋሱ ልክ ሆኖ መዋለሉ ካልቀረ ማጠፊያውን መጠርጠር ነው።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. ኖርተን የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ኮማንዶ የሚል ስም የሰጠውን ሞተር ሳይክል አወጣ። ሞተሩ ባለ ሁለት ሲሊንደር ስለሆነ ንዝረቱ ብርቱ ነበር። መሐንዲሶቹ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የኋላውን ክንድ አንድ ላይ አስረው ሁሉንም በጎማ ላይ አስቀመጧቸው። ነጂው ከንዝረቱ ዐረፈ። ነገር ግን ጎማው አጠገብ ያለው ክፍተት እያደር ሲሰፋ የኋላው ጎማ መዋለል ያመጣ ነበር። ስለዚህ ባለቤቱ ክፍተቱን በየጊዜው እየለካ ማጥበብ ነበረበት። ጎማው ምቾት ሰጠ፤ ክትትል ደግሞ ጠየቀ።

ለምርመራው ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ሰው፣ አንድ ጨርቅና አንድ የእጅ ባትሪ ይበቃል። ሞተሩ ይጥፋ፤ ይቀዝቅዝም። በመጀመሪያ ጭቃውንና አቧራውን ጥረጉ፤ ጭቃ የሸፈነው ስንጥቅ አይታይምና።

ሞተር ሳይክሉን በደልዳላ መሬት ላይ በመካከለኛው ማቆሚያ አቁሙት። የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሣ። አንዱ ሰው ከፊት ሆኖ ሻንሲውን አጥብቆ ይያዝ። ሌላው ከኋላ ተንበርክኮ የክንዱን ጫፍ በሁለት እጁ ይያዝና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፋው፣ ይሳበው። ክንዱ ንቅንቅ ካላለ ደኅና ነው። ቀጭ ቀጭ ካለ ወይም ከተላወሰ ቡሹ አልቋል፣ አለዚያም ዳዶው ላልቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ክንዱን ትቶ ጎማውን ይነቀንቅና «ቡሹ አለቀ» ይላል። ያለቀው ግን የጎማው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ቡሽ ገዝቶ፣ የመካኒክ ዋጋ ከፍሎ፣ ሞተሩ እንደ በፊቱ ይዋልላል። ለመለየት ቀላል ነው። ክንዱና ሻንሲው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ጣታችሁን አሳርፉ፤ ጓደኛችሁ ጎማውን ይነቅንቅ። ከጣታችሁ ሥር መንቀሳቀስ ከተሰማችሁ ማጠፊያው ነው። ጣታችሁ ምንም ሳይሰማው ጎማው ብቻ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው ነው። ለዚህ ሥራ ከዓይን ይልቅ ጣት ይታመናል።

በባጃጅ ላይ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች የየራሳቸው ክንድ ስላላቸው እያንዳንዱን ለብቻ መመርመር ያስፈልጋል። ያልተነሡት ጎማዎች ድንጋይ ይደረግባቸው። አንዱን ጎን በክሪክ አንሡና ወፍራም ጉማጅ ደግፉበት። ክሪክ ይንሸራተታል፤ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ማንም ከሥር እንዳይገባ። ከዚያ ክንዱን እንደ ሞተር ሳይክሉ ፈትሹት። የአንዱ ጎን ጎማ ዘመም ብሎ ጠርዙ ብቻ ከተበላም የዚያን ጎን ቡሽ ተመልከቱ።

ሱፖርቶውን ደግሞ በባትሪ አብርታችሁ እዩት። ላይ ላዩን እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር የእርጅና ምልክት ነው፤ ጎማው ገና ይሠራል። ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ከሆነ ግን ይለወጥ። ጎማው ከተጣበቀበት ብረት ከተላቀቀ፣ ወይም ዘይት ጠጥቶ አብጦ ከለሰለሰም እንዲሁ። ቀጥሎ አንድ ጠንካራ እንጨት ከሞተሩ ሥር አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ግፉ። ደኅና ጎማ ጥቂት ይታዘዝና ይመለሳል። የተቆረጠ ጎማ ግን አፉን ይከፍታል።

ሳይታይም ይናገራል። ሞተሩ ሲነሣና ሲጠፋ ከወትሮው አብልጦ ይዘላል። የጭስ ማውጫው ማሰሪያ ተበይዶ ሳይውል ሳያድር ይሰበራል። ማርሽ አልገባም ይላል። ይህ የመጨረሻው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የማርሹና የፍሪሲዮኑ ሽቦ ከመሪው ተነሥቶ ወደ ሞተሩ ነው የሚሄደው፤ ሞተሩ ከቦታው ሲሸሽ ሽቦው ይወጠራል ወይም ይላላል። ሽቦውን ማስተካከል ለጥቂት ቀን ያሳርፋል እንጂ በሽታውን አያድነውም።

ጎማን የሚገድለው ምንድን ነው? ተፈጥሮአዊው ጎማ የሚገኘው ከዛፍ ወተት ነው። ድሮ በሙቀት ይቀልጥ፣ በብርድ ይደርቅ ነበር። በ1839 እ.ኤ.አ. ቻርለስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ከድኝ ጋር ቢያሞቀው እንደሚጠነክር አገኘ። ቢጠነክርም ጠላቶቹ አልጠፉም። ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል። ዘይት፣ ቤንዚንና ናፍጣ ሲነኩት ብዙው ዓይነት ጎማ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ከዚያም ይቀደዳል። እኛ እንደሚመስለን ከሁሉ የከፋው ልማድ ሞተርን በናፍጣ ማጠብ ነው። ሞተሩ ያብረቀርቃል፤ ሱፖርቶው ግን ይታመማል። ውኃና ሳሙና ይበቃል። ከሞተሩ የሚንጠባጠብ ዘይት ካለም በቶሎ መደፈን አለበት፤ ዘይቱ ሲወርድ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ጎማው ላይ ነው።

ግራሶን በተመለከተ ሁሉም ማጠፊያ አንድ አይደለም። በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ቡሽ ከብረት ጋር የተጣበቀ ጎማ ነው። ይህ ግራሶ አይፈልግም፤ ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። በሌላው ውስጥ ያለው የነሐስ፣ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቡሽ ነው፤ አንዳንዱም ኩሽኔታ አለው። እነዚህ ግራሶ ይወዳሉ። ግራሶ በፓምፕ የሚገባባት ትንሽ አፍ ካለች አሮጌው ግራሶ ከነቆሻሻው እስኪወጣ መግፋት፣ ከዚያም ትርፉን መጥረግ ነው። አፍ ከሌላት ዘንጉ ይወጣል፤ ዝገቱ ይጸዳል፤ ተቀብቶ ይመለሳል። ዘንጉ ተጣሞ እንደሆነ ለማወቅ በመስተዋት ላይ አንከባሉት፤ የተጣመመ ዘንግ እየነጠረ ይሄዳል። ክረምት ሲወጣ ይህን ማድረግ መልካም ነው፤ የወንዙ ውኃና አሸዋው በዚያን ጊዜ ገብቶበታልና።

(ሱፖርቶ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ባጃጁ ከህንድ መጣ፤ የብልቱ ስም ግን ከሮም ነው።)

ቡሽ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ከብረት ጋር የተጣበቀው የጎማ ቡሽ አይሽከረከርም፤ እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ይመለሳል። ስለዚህ ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶው ከጠበቀ፣ ሞተር ሳይክሉ መሬት ሲነካ ቡሹ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆሞም፣ ሄዶም እንደተጠመዘዘ ነው። አዲሱ ቡሽ በአጭር ጊዜ ይቀደዳል፤ ሰውም «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል። መፍትሔው ዳዶውን በእጅ ያዝ አድርጎ፣ ሞተሩን መሬት አስረግጦ፣ ነጂው ተቀምጦበት ከዚያ ማጥበቅ ነው። ማጥበቅም ልክ አለው። ልኩ በተሽከርካሪው መጽሐፍ ላይ በቁጥር ተጽፏል። ከልክ በላይ የጠበቀ ዳዶ ጥርሱን ይበላል፤ ብሎኑንም ይስባል።

ዕቃ ሲጠፋ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ሱፖርቶ የሚሠራ ሰው አለ። የመኪና ጎማ ለበረባሶ ጥሩ ነው። ለሱፖርቶ ግን ጥንካሬው የተለየ ነው፤ በውስጡም ክር አለበት፤ ከብረቱም ጋር አልተጣበቀም። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤቱ ያደርሰዋል እንበል። ሰው ተጭኖበት ሊውል አይገባም።

ብሎን ስትገዙም ራሱን አንብቡ። 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ቁጥሩ ሲበልጥ ብሎኑ ይጠነክራል። 10.9 ከወጣበት ቦታ 8.8 አይግባ፤ ምንም ያልተጻፈበትማ ጭራሽ አይግባ። ባለ ሱቁ «ያው ነው» ቢላችሁ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቁጥሩን አሳዩት። አንዳንድ ዳዶ በውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት አለው፤ እንዳይፈታ የሚይዘው ያ ነው። አንዴ ከተፈታ ይደክማልና በአዲስ ይተካ።

ሱፖርቶ ሲለወጥ ሞተሩ አስቀድሞ በጉማጅ ይደገፍ፤ ብሎኑ ሲወጣ ሞተሩ እንዳይወድቅ ነው። አንዱ ካለቀ ጓደኛውም ተመሳሳይ መንገድ የሄደ ነውና ሁሉም አብረው ቢለወጡ ይሻላል። አዲስ ከአሮጌ ጋር ሲጣመር ሸክሙ ሁሉ በአዲሱ ላይ ይወድቃል፤ አዲስ በሬ ከደካማ በሬ ጋር እንደ መጥመድ ነው።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ የሞተር ሳይክሉ ካቴና ቀጥ ማለቱንና ውጥረቱን እዩ። ከዚያም ያለ ተሳፋሪ በዝግታ ነድታችሁ ፍሬኑን ሞክሩ፤ ጠምዛዛ ላይም ሞክሩት። በማግሥቱ ክንዱን እንደገና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግፉት፤ ዳዶውንም በቁልፍ ፈትሹ። አዲስ ዕቃ ተቀምጦ እስኪለምድ ዳዶው ሊላላ ይችላል። ካልተላወሰ ተሳፋሪ ይጫን።