ለምድጃ የሚገባውና ለማሳ የሚገባው

ስለ ኩበት፣ ስለ ሰጋቱራና ስለ ሌሎች የቤት ማገዶዎች በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ ለሚገኙ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ ባለው ጥቁር መረሬ መሬት ላይ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር የሚያመርት ገበሬ በየዓመቱ ሁለት ነገሮች ያስጨንቁታል። አንደኛው የማዳበሪያ ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው የማገዶ ነገር ነው። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ከበረት የሚወጣው እበት ተጠፍጥፎ ኩበት ሲሆንና ወደ ምድጃ ሲገባ፣ ማሳው የሚጠብቀው ፍግ አብሮ ይነዳል። ከዚያ በኋላ ገበሬው የነደደውን ለመተካት ገንዘብ አውጥቶ ዩሪያ ይገዛል።

በሌላው በኩል ደግሞ ለአፈር ብዙም የማይጠቅም፣ ለእሳት ግን የተመቸ ነገር ሲጣል እናያለን። በየእንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ የሚከመረው ሰጋቱራ አንዱ ነው። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዓላማ ለምድጃ የሚገባውን ከማሳ፣ ለማሳ የሚገባውን ከምድጃ ለይቶ ማሳየት ነው። ነገሩ የማሳም የማጀትም ስለ ሆነ ባልና ሚስት አብረው ቢሰሙት ይመረጣል።

፩. ኩበት ሲነድ ምን ይጠፋል?

በደንብ የደረቀ 100 ኪሎ ኩበት በግምት 1.5 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይይዛል። ናይትሮጅን ማለት ሰብልን የሚያለመልመው፣ ከዩሪያ የምናገኘው ምግብ ነው። ከ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ስለ ሆነ፣ አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 23 ኪሎ ይይዛል ማለት ነው።

አሁን በምሳሌ እናስላው። አንድ ቤተሰብ በቀን 5 ኪሎ ኩበት ቢያነድ በዓመት 1,825 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህም ከአንድ ከረጢት ዩሪያ ይበልጣል። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ በአመዱ ውስጥ አይቀርም። አመዱ የሚያስቀረው ፎስፎረስ፣ ፖታሽና ኖራ መሰል ነገሮችን ነው።

እርግጥ ነው፣ ፍግ በማሳ ላይ ሲጣል ናይትሮጅኑ ሁሉ ለዚያው ዓመት ሰብል አይደርስም። ከፊሉ ይባክናል፤ ከፊሉም በየዓመቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ነገር ግን ፍግ ዩሪያ የማይሠራውን ሥራ ይሠራል። በበጋ ተሰነጣጥቆ፣ በክረምት ተጨቅይቶ የሚያስቸግረውን መረሬ አፈር ያላላዋል፤ ለማረሻም የተመቸ ያደርገዋል።

፪. ጥሩ ማገዶ የምንለው ምንድን ነው?

በውጭ አገር ለቤት ማሞቂያ ፔሌት የሚባል ማገዶ ይሠራሉ። ይኸውም ሰጋቱራን አድርቀው፣ በመኪና ኀይል ጨምቀው፣ ውፍረቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ እንክብል የሚያደርጉት ነው። ሙጫ አይጨመርበትም፤ በግፊቱና በሙቀቱ እንጨቱ ራሱ ይጣበቃል። ምድጃውም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ እንክብሉን በኤሌክትሪክ ኀይል ጥቂት በጥቂት እየመገበ አየር የሚነፋ ነው።

ይህ ምድጃ ለእኛ ቤት የሚመች ባይሆንም ከእርሱ የምንማረው አለ። ፔሌት በደንብ የሚነደው በሦስት ምክንያት ነው፦

አንደኛ፣ ደረቅ ነው። በውስጡ ያለው ውሃ ከ100 እጅ 10 እጅ አይሞላም። አዲስ የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እርጥብ ማገዶ ስታነዱ እሳቱ በመጀመሪያ የሚያፈላው የእንጨቱን ውሃ ነው፤ ድስቱ ተራውን ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ የተጨመቀና መጠኑ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ እሳቱ አንዴ እየነደደ አንዴ አይከስምም።

ሦስተኛ፣ አየር በልክ ያገኛል። አየር ያነሰው እሳት ይጨሳል፤ አየር የበዛበት ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

አንዳንድ ሰዎች በፔሌት ምድጃ የበቆሎ ፍሬ፣ የፍራፍሬ ፍሬና ገለባ ለማንደድ ሞክረዋል። ገለባ ከእንጨት እጅግ የበለጠ አመድ አለው፤ አመዱም በብርቱ ሙቀት ቀልጦ እንደ ጠጠር እየጠነከረ የአየሩን መግቢያ ይደፍናል። ከዚህ የምንረዳው እያንዳንዱ ማገዶ የራሱ ምድጃ እንዳለው ነው። በቆሎውንም ቢሆን እኛ ፍሬውን ለሰው፣ ቆረቆንዳውን ለእሳት ብንል ይሻላል።

፫. የትኛው ወዴት ይሂድ?

የጤፍ ጭድ፦ ለከብት መኖና ለቤት ምርጊት። ለእሳት ቢሆን ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ ዋጋውም ከማገዶነቱ ይበልጣል።

የሽምብራና የምስር ገለባ፦ ለከብት። ከብቱ የተወው ተረፈ ገለባ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ።

ፋጉሎ፦ ለከብት ብቻ። ዘይት ስላለው ይነዳል፤ ነገር ግን ፋጉሎ ማንደድ ወተት እንደ ማንደድ ነው።

የበቆሎ ቆረቆንዳና ከብት የማይበላው ወፍራም አገዳ፦ በደንብ ከደረቀ ለእሳት።

የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ፦ ለእሳት። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የከተማዋ ዋና ማገዶ ሆኖ ኖሯል። ቅጠሉ ፈጥኖ የሚንቦገቦግና በሰፊው የሚዳረስ ነበልባል ስላለው ለምጣድ ይስማማል።

ሰጋቱራ፦ ለእሳት። ሰጋቱራ ሳይበሰብስ በማሳ ቢቀበር አፈሩን ይጎዳል። ምክንያቱም የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናይትሮጅንን ከአፈሩ ስለሚሻሙ ሰብሉ ይቢጫል። በበረት ተነጥፎ የከብቱን ሽንት የጠጣ ሰጋቱራ ግን ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ሊገባ ይችላል።

እበት፦ በተቻለ መጠን ለማሳ።

እንግዲህ ልውውጡ ግልጽ ነው። ሰጋቱራው ምድጃ ይግባ፤ እበቱ ማሳ ይውረድ።

፬. የሰጋቱራ ምድጃ አሠራር

ይህ ምድጃ ብዙ ወጪ የለውም። ነበልባሉ ዝግ ያለና ረጅም ጊዜ የሚቆይ ስለ ሆነ ለወጥ፣ ለንፍሮና ለውሃ ማፍላት ይጠቅማል፤ ለእንጀራ ግን አይሆንም።

1. የምግብ ዘይት የነበረበትን ንጹሕ ቆርቆሮ ፈልጉና አፉን በሙሉ ክፈቱ። የቀለም ወይም የመድኃኒት ቆርቆሮ አትጠቀሙ።

2. በቆርቆሮው ጎን፣ ከታች በኩል፣ ሦስት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ብሱ።

3. በዚያ ቀዳዳ እስከ መካከል የሚደርስ ዱላ አስገቡ። ከላይ ደግሞ ቀጥ ያለ ጠርሙስ ወይም ወፍራም ለስላሳ ዱላ በመካከል አቁሙ፤ ሁለቱ ከታች ይነካኩ።

4. የደረቀውን ሰጋቱራ በዙሪያው እየጨመራችሁ በኀይል ጠቅጥቁ። ያልተጠቀጠቀ ሰጋቱራ ይናድና እሳቱን ያዳፍነዋል።

5. ቆርቆሮው ሲሞላ ጠርሙሱን እያዞራችሁ ወደ ላይ፣ ዱላውን ወደ ጎን ቀስ ብላችሁ አውጡ። አየር ከታች ገብቶ በመካከል የሚወጣበት መንገድ ይቀራል።

6. በቆርቆሮው አፍ ላይ ሦስት ትንንሽ ድንጋዮች አድርጋችሁ ድስቱን ጣዱ። በድስቱና በቆርቆሮው መካከል አንድ ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ይኑር።

7. በታችኛው ቀዳዳ በጭራሮ ለኩሱ። እሳቱ ሲበረታ ቀዳዳውን በድንጋይ ከፊሉን በመክደን ቀንሱት። ውስጡ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ድረስ ሰጋቱራ አይጨመርም።

ሰጋቱራው መድረቁን ለማወቅ በእጃችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደርቋል፤ እንደ ሊጥ ከተያያዘ ገና ነው። በበጋ ወራት ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ከሰኔ በፊትም በከረጢት ከትታችሁ ከዝናብ አስጠግታችሁ አስቀምጡ።

ለእንጀራ መጋገሪያ ደግሞ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተዘጋጀው ምርጥ ምድጃ አለ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ በቅርጽ ማውጫ ይሠራል። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ሊያተርፍ ይችላል። ቅጠል፣ ጭራሮና ቆረቆንዳ ይነድበታል።

፭. ፈጽሞ የማይነዱ ነገሮች

አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ አገር ነው። በየመንገዱ የወደቀ የሚነድ ነገር አይታጣም፤ ነገር ግን የሚነድ ሁሉ ማገዶ አይደለም። እነዚህን ወደ ማጀት አታስገቡ፦

— ቺፑድ፣ ኮምፔንሳቶና ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ከእነርሱም የወጣ ሰጋቱራ። በውስጣቸው ያለው ሙጫና ቀለም ሲነድ የሚመርዝ ጭስ ይወጣዋል።
— እንዳይነቅዝ መድኃኒት የተነከረ ምሰሶ።
— ጎማ፣ ፕላስቲክና የተቃጠለ የመኪና ዘይት።
— ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ቁርጥራጭ። ቆዳ ለማልፋት የሚገባው ክሮም በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ያ አመድ በጎመን መደብ ላይ ቢበተን ጉዳቱ ይከተላችኋል።

ሰጋቱራ ከመውሰዳችሁ በፊት ባለሙያውን ከምን እንጨት እንደ ወጣ ጠይቁት። ጽድ፣ ባሕር ዛፍ ወይም ሌላ ንጹሕ ጣውላ ከሆነ ውሰዱ፤ ከቺፑድ ጋር የተደባለቀ ከሆነ ተዉት።

፮. ስለ ጭስና ስለ ከሰል ጥንቃቄ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ብዙ የሚጎዱት ከምድጃው አጠገብ የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ከምድጃው በላይ ጭስ መውጫ ይኑር፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሕፃኑም በሌላ ክፍል ይቆይ። የሰጋቱራ ምድጃ ሲለኮስ ስለሚጨስ በደጅ ለኩሱት።

ጭስ የሌለው ፍም ደግሞ ደኅና ነው ብላችሁ አትመኑ። ከሰል ሽታና ቀለም የሌለው ገዳይ አየር ያወጣል። ፍም ያለበት ምድጃ በተዘጋ ቤት አስገብቶ መተኛት ራስንና ልጆችን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጥንቃቄው ከመኝታ በፊት ነው።

፯. ስለ አመድ

የንጹሕ ማገዶ አመድ አይጣልም። ነገር ግን የአመድ ጠባይ እንደ ኖራ ነው። ለኮምጣጣ ቀይ አፈር መልካም ሲሆን፣ መረሬ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ኮምጣጣ ስላልሆነ ብዙ አመድ አይሻም። ስለዚህ በአንድ ቦታ አትከምሩት፤ በጥቂቱ በትኑት ወይም በብስባሹ ላይ ነስንሱት። አመድን ከዩሪያ ጋር ወይም ከትኩስ ፍግ ጋር በብዛት አትቀላቅሉ፤ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይበናል።

፰. ከየት እንጀምር?

ኩበትን ዛሬውኑ ተዉ አንልም። ኩበት ሸጣ ጨውና ሳሙና የምትገዛ እናት እንዳለች እናውቃለን። መጀመሪያ የክረምቱን እበት ተዉት። በክረምት እበቱ ተጠፍጥፎ እንደ ልብ አይደርቅም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ከተረፈ ገለባና ከአፈር ጋር በጥላ ሥር ወዳለ፣ ውሃ ወደማይተኛበት ጉድጓድ ይግባ። ከዚያም ሰጋቱራ ባገኛችሁ መጠን የወጡን እሳት በእርሱ ተኩ። በሚቀጥለው ዓመት ከማሳችሁ አንዱን ጥማድ በፍጉ ሞክሩና ከጎኑ ካለው ጋር አስተያዩት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ይህን በቃል ብቻ አታስተምሩ። ሚዛን ይዛችሁ ወደ አንድ ቤት ግቡ። በጉልቻ 20 እንጀራ ሲጋገር፣ በሌላ ቀንም በምርጥ ምድጃ 20 እንጀራ ሲጋገር፣ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ማገዶውን መዝኑ። ልዩነቱን ለጎረቤቶች ያስረዳችው የቤቱ እመቤት ራሷ ብትሆን ከእናንተ ንግግር ይልቅ ትታመናለች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ በቀን ስንት ኪሎ ኩበት ይነዳል? በዓመት የሚጠፋው ናይትሮጅን ስንት ከረጢት ዩሪያ ይሆናል?
2. ሰጋቱራ ከመቀበር ይልቅ መንደድ የሚሻለው ለምንድን ነው?
3. ለምጣድ የሚስማማው እሳትና ለድስት የሚስማማው እሳት በምን ይለያያሉ?
4. ከሠፈራችሁ ከሚገኙት የሚነዱ ነገሮች ወደ ማጀት መግባት የሌለባቸው የትኞቹ ናቸው?

ውድ ገበሬዎች፤ ላሟ ከማሳችሁ በልታ የሰጠቻችሁን መልሳችሁ ለማሳው ስጡ። ምድጃው ሌላ ማገዶ ያገኛል፤ ማሳው ግን ከእናንተ በቀር የሚመልስለት የለውም።