ግራውን የዘነጋ ትኩረት

ስትሮክ የአንጎልን ቀኝ ክፍል ሲጎዳ፣ አንዳንድ ሕሙማን ዓይናቸው እያየ በግራቸው ያለውን ልብ አይሉም፤ በስተ ግራ ያለውን እንጀራ ሳይነኩ «ምግቡ አለቀ» ይላሉ። የጎደለው ማየት ሳይሆን ትኩረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ቢሲያክና ሉዛቲ የሚላኖን አደባባይ በሐሳባቸው እንዲገልጹ የጠየቋቸው ሕሙማን በግራ ያለውን ተዉ፤ መቆሚያቸው በሐሳብ ሲገለበጥ ግን የተዉትን ጠቀሱ።

ነገሩን ወደ አሰላ እናምጣው። ወደ በቆጂ ስንጓዝ የጭላሎ ተራራ በግራችን ነው፤ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ መንገዱን ሲተርክ ጭላሎን ሊዘልል፣ የመልሱን ጉዞ ሲተርክ ግን ሊያነሳው ይችላል። ትዝታው አልጠፋምና።

ችግሩ በብዙዎች በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይቀንሳል፤ በአንዳንዶች ከዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ ቤተሰብ «ግድየለሽ ሆነ» ብሎ ከመውቀስ ይልቅ፣ በተለይ መንገድ ሲያቋርጥ ወደ ግራው ዞሮ እንዲመለከት ዘወትር ያለማምደው።