ሚኒማልን በቴምፖና በቅኝት ሚክስ ማድረግ፦ ደረጃ በደረጃ

ሚኒማል ሙዚቃ ውስጥ መደበቂያ የለም። አንድ ኪክ፣ አንድ ቤዝ፣ አንዲት የምትመላለስ የክራር ዜማ፤ በቃ። ሁለተኛው ትራክ ከቅኝት ከወጣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የተኛ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማዋል። ልምምዱን በሄድፎን ጀምሩ።

አዘጋጁ፦ ላፕቶፕ፣ ባለሁለት ቻናል ኮንትሮለር፣ ሄድፎን፣ ሬኮርድቦክስ ወይም በነጻ የሚወርደው ሚክስክስ። ክራር ወይም ትንሽ ኪቦርድ ከተገኘ እሰየው። ላፕቶፑን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት ከሄደ ስፒከሩ ይጠፋል እንጂ ልምምዱ አይቋረጥም።

ደረጃ 1። ሁለት ትራክ ምረጡ። መግቢያና መውጫቸው ከበሮ ብቻ ይሁን። የፕሮዲዩሰሮቹን የሚካኤል ሰይፉን «ዘላለም» (እ.ኤ.አ. 2016) ወይም የኢትዮጵያን ሪከርድስን «ቀን ሰው» (እ.ኤ.አ. 2014) ለመሞከር እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። ለሁለተኛው ሳምንት አቆዩአቸው፤ ምታቸው ስለሚሰባበር ጀማሪን ያደናግራል።

ደረጃ 2። ምቱን በእጃችሁ ቁጠሩ። በ30 ሰከንድ 62 ምት ካገኛችሁ ትራኩ 124 ቢፒኤም ነው። ሶፍትዌሩ 62 ወይም 186 ካላችሁ አትመኑት፤ በተለይ ችክችካ ያለበት ትራክ ላይ ይሳሳታል።

ደረጃ 3። የትራኩን ኪይ (ቅኝት) በሶፍትዌሩ አስነብቡ። ከሴቲንግ ገብታችሁ በካሜሎት ቁጥር (እንደ 8ኤ፣ 8ቢ ያለ) እንዲያሳይ አድርጉ።

ደረጃ 4። ቅኝቱን በጆሯችሁ አረጋግጡ። እዚህ ጊዜ ውሰዱ። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ሜጀርና ማይነርን ብቻ ነው፤ ለአንቺ ሆዬ ቅኝትም ቢሆን የሆነ ቁጥር ይለጥፍለታል። ትራኩን እያጫወታችሁ አምስቱን ኖታ በክራር ወይም በኪቦርድ ፈልጉ። ከዶ የተነሳ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ከ7ቢ፣ ከ8ቢም ከ9ቢም ጋር ይገባል። ከዶ የተነሳ አምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ጠበብ ይላል፤ 4ኤ ወይም 4ቢ ስጡት። አንቺ ሆዬ (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ) ግን በየትኛውም ሜጀር ውስጥ ተሟልቶ አይገኝም። እሱን ከከበሮ ጋር ብቻ ደርቡት፤ ዜማ በዜማ ላይ አትጫኑበት። ያገኛችሁትን የቅኝት ስም በትራኩ ኮሜንት ላይ ጻፉ።

ደረጃ 5። ቁጥሮቹን አዛምዱ። የሚጫወተው 8ኤ ከሆነ ቀጣዩ 8ኤ፣ 7ኤ፣ 9ኤ ወይም 8ቢ ይሁን።

ደረጃ 6። ኪይ ሎክን አብሩ። ካልበራ ቴምፖው ወደ 6 በመቶ ሲጨምር ዜማው በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ደረጃ 4 ላይ የለፋችሁበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ደረጃ 7። ቴምፖውን አስተካክሉ። የሚጫወተው 126፣ ቀጣዩ 122 ከሆነ ቀጣዩን 3.3 በመቶ ጨምሩ። ልዩነቱ ከ4 በመቶ ካለፈ ሌላ ትራክ ፈልጉ፤ ሲለጠጥ መጀመሪያ የሚበላሸው የክራሩ ድምፅ ነው።

ደረጃ 8። በቀጣዩ ትራክ የመጀመሪያ ኪክ ላይ ኪው ፖይንት አስቀምጡ።

ደረጃ 9። የቀጣዩን ትራክ ሎው (የቤዙን ማስተካከያ) እስከ መጨረሻው ቀንሱ።

ደረጃ 10። ከሚጫወተው ትራክ 32 ምት ቁጠሩና በአዲሱ ዙር የመጀመሪያ ምት ላይ ፕሌይን ተጫኑ። የቀጣዩ ትራክ ፌደር ገና ዝግ ነው፤ በሄድፎን ስሙት።

ደረጃ 11። ኪኮቹ ከተዛነፉ ጆግ ዊሉን በጣት ጫፍ ነካ አድርጉ። አትግፉት።

ደረጃ 12። ፌደሩን በ32 ምት ውስጥ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

ደረጃ 13። ቤዙን አለዋውጡ፤ የአንዱን ሎው ስትዘጉ የሌላውን በዚያው ምት ክፈቱ። ሁለት ቤዝ አንድ ላይ ከጮኸ የቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጣል እንጂ ሙዚቃ አይሰማም።

ደረጃ 14። የድሮውን ትራክ አውጡ። በሚኒማል አትቸኩሉ፤ ሁለቱ ከተስማሙ 2 ደቂቃም አብረው ይቆዩ።

ደረጃ 15። ሚክሱን ሪኮርድ አድርጉ፤ ነገ ከጀሞ ሜክሲኮ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስሙት። ጆሯችሁን የቆረቆረውን ደቂቃ ስልካችሁ ላይ መዝግቡና ማታ ከደረጃ 4 ጀምሩ።